ከሽማግሌ መቅረት ልጅን መተው አይደለም

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት፣ የኅዳር ውርጭ ገና ከሣሩ ላይ ሳይለቅ፣ አንዲት እናት ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። እኔ ደብረ ብርሃን ላይ ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝ። በሕግ ዲፕሎማ አለኝ፤ ጠበቃ ግን አይደለሁም። ሴትዮዋ ከሸዋ ሮቢት በኩል ሌሊት ተነሥታ የወጣች ናት። መጥሪያዋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራዋለች። እሱን ከመፍታቷ በፊት ግን ስልኳን ዘረጋችልኝና «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ያንብቧት። እውነት ከሆነች ማክሰኞ ለምን እደክማለሁ?» አለችኝ።

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተው ጽሑፍ ነው፤ ለእኔም ሦስት ሰው ልኮልኛል። ባልና ሚስት ሲፋቱ ልጅ ለማን ይሰጣል በሚለው ክርክር ውስጥ ከሽማግሌ ቀጠሮ መቅረት ምን እንደሚያስከትል ይናገራል። የጻፈው ማን እንደሆነ አይታወቅም። አጻጻፉ ያምራል፣ ክፋትም አላየሁበትም። ሰው ሽማግሌን እንዲያከብር፣ ቀጠሮ እንዳያጓድል አስቦ የጻፈው ይመስለኛል። ይሁን እንጂ የሚበዛው ቃሉ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም ወላጅን ከልጁ የሚለይ ዓይነት ስለሆነ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

መጀመሪያ ጽሑፉ የሚለውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ፍርድ ቤት ወደ ሽማግሌ መርቶት በቀጠሮው ቀን ያልተገኘ ወላጅ «ልጁን በገዛ ፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል» ይላል። ለማስረጃም ካሊፎርኒያ የሚኖር አንድ ወገናችን አንዲት የማስማሚያ ቀጠሮ ስላለፈችው ልጆቹን አጣ የሚል ታሪክ ይተርካል። ሁለተኛ፣ ሽማግሌዎች ስለ ልጅ የጨረሱት ጉዳይ ፍርድ ስለሆነ ዳኛው ማኅተም ከማሳረፍ ሌላ ሥራ የለውም ይላል። ሦስተኛ፣ ልጅ እስከ 5 ዓመቱ የእናቱ ነውና እናት ብትቀርም አያሰጋትም፣ ሥጋቱ የአባት ነው ይላል። አራተኛ፣ የቀረ ሰው በኋላ ምክንያት ቢደረድር ሰሚ አያገኝም ይላል። በመጨረሻም እንዲህ ያለው ወላጅ ልጁን የማየት መብቱንም እንደሚያጣ፣ ቀለብ ግን እንደሚቆርጥ፣ ይህም ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው እንደማይለወጥ ነግሮን ያበቃል።

ከመጀመሪያው ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የተንጠለጠለው በእሱ ላይ ነው። ሕጋችን ውስጥ «ከሽማግሌ የቀረ ልጁን ተወ» የሚል አንቀጽ የለም። በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ፍርድ ቤትን ጨምሮ ማንኛውም አካል ሕፃናትን የሚመለከት እርምጃ ሲወስድ የሕፃኑን ጥቅም እንዲያስቀድም ያዛል። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 113 ዳኛው ልጅ ለማን ይሰጥ ብሎ ሲወስን ምን ምን እንደሚያይ ይዘረዝራል። የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና አኗኗር፣ እንዲሁም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም ይላል። ይህ አዋጅ ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ የወጣ ነው። እኛ የምንዳኘው በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ሲሆን እሱም በዚሁ መንፈስ የተቀረጸ ነው። ዝርዝሩን ላይ ታች ብታዩት የሽማግሌ ቀጠሮ የሚባል ነገር አታገኙበትም።

ከዚህም የሚጠነክር ምሳሌ አለ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት፣ የሥር ፍርድ ቤቶችን የሕግ ስሕተት የሚያርመው ችሎት፣ በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠውን ውሳኔ የሕግ ሰዎች ሁሉ ያውቁታል። እናቱ የሞተችበትን ልጅ ያሳደገችው አክስት ናት። ለዓመታት ያልነበረ አባት መጥቶ «አባት እኔ ነኝ፣ ሞግዚትነቱ ይገባኛል» አለ። የሥር ፍርድ ቤቶች አባትነቱን አይተው ፈረዱለት። ሰበር ግን የሕፃኑን ጥቅም አስቀድሞ ውሳኔያቸውን ሻረ። ሰበር ሰሚው ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በአዋጅ ቁጥር 454/1997፣ አሁን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013፣ የክልል ፍርድ ቤቶችንም ያስገድዳል። እንግዲህ አባት መሆን እንኳ ብቻውን ልጅ የማያሰጥ ከሆነ፣ ከአንድ ቀን ስብሰባ መቅረት ብቻውን እንዴት ልጅ ያስነጥቃል? በዚያ መዝገብ አባትየውን የጎዳው ከልጁ ሕይወት ለዓመታት መጥፋቱ ነበር። የኛ ጽሑፍ ጸሐፊ ከልጅ መራቅንና ከሽማግሌ መቅረትን አንድ አድርጎ አያቸው፤ ትልቁ ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው።

የካሊፎርኒያው ታሪክስ? ሰውየውን አላውቀውም፤ ደረሰበት የተባለውን አልክድም። ግን አገሩ ሌላ፣ ሥርዓቱም ሌላ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ወላጆች ስለ ልጅ ካልተስማሙ ዳኛ ፊት ከመከራከራቸው አስቀድመው አስማሚ ፊት መቀመጥ በሕግ ግዴታ ነው። በአንዳንድ አውራጃዎች ደግሞ አስማሚው ራሱ «ልጁ እንዲህ ቢደረግ ይሻላል» ብሎ ለዳኛው የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል። እዚያ የቀረ ወላጅ የሌላውን ወገን ቃል ብቻ የያዘ ሐሳብ መዝገብ ውስጥ ሊገባበት ይችላል፤ ቀላል ነገር አይደለም። ያም ሆኖ እዚያም የሚወስነው ዳኛው ነው፣ መለኪያውም የልጁ ጥቅም ነው። የኛ የባልና ሚስት ሽማግሌ ሥራ ግን ማስታረቅ፣ ካልሆነም በሰላም እንዲለያዩ ማግባባትና የደረሰበትን ለፍርድ ቤቱ ማስታወቅ ነው። የዚያን አገር ፍርሃት እዚህ አምጥቶ መትከል ለማንም አይበጅም።

ደግሞ ሰው ለምን እንደሚቀር ጽሑፉ አንድ ጊዜም አልጠየቀም። እኔ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሆኜ የሰማሁትን ልናገር። በልጁ ጨክኖ የሚቀር የለም አልልም፤ አለ፣ ግን ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቀጠሮው በቃል ነው የሚነገረው። ሽማግሌው ለጎረቤት ይነግራል፣ ጎረቤት ገበያ ላይ ላገኘው ዘመድ ይነግራል፣ ዘመድ ለባለጉዳዩ ሲያደርሰው ቅዳሜ የተባለው እሑድ ሆኖ ይደርሳል። ከመንዝ የሚመጣ ሰው መሐል ሜዳ ላይ የጠዋቱ መኪና ካመለጠው ቀኑ አለቀ ማለት ነው። በአጨዳ ወራት እህሉን ማሳ ላይ ጥሎ መምጣት የማይሆንለት አለ። በእነዚህ ያለፉት ዓመታት መንገድ ስንት ጊዜ እንደተዘጋብን፣ ስልክም ስንት ጊዜ እንደጠፋ ለሰሜን ሸዋ ሰው አልነግርም።

በፍርሃት የምትቀርም አለች። ሁለት ጊዜ ከሽማግሌ ቀርታ «ሽማግሌ ረገጠች» የተባለች፣ በሰፈሩ ስሟ የጠፋ አንዲት ሴት ማመልከቻ ልታስጽፍ መጥታ ነበር። ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት የት እንደሆነ ስጠይቃት ለመናገር ቆየች። ከዚያ የሻሿን ጫፍ እያፍተለተለች «የባለቤቴ አጎት ቤት» አለችኝ። ተደብድባ ሌሊት በባዶ እግሯ የወጣችው ከዚያው ግቢ ነው። ይህች ሴት ልጇን አልተወችም፤ ልጇን ይዛ ነው የሸሸችው። ባልን ወይም ሚስትን መደብደብ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው፣ 564። እንዲህ ያለችውን እናት «ቀርታለችና ልጇን ተወች» የሚል ንባብ የሕጉ ንባብ አይደለም።

ታዲያ መቅረት ምንም አያመጣም ወይ? ያመጣል። ጸሐፊው ልክ የሆነበትን ልመንለት፤ ቀጠሮ ማጓደል ጥፋት ነው፣ ያስወቅሳልም። በተለይ እኛ ወንዶች «ፍርድ ቤት እንገናኝ» ብለን በኩራት የምንቀርበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ያ ኩራት ለልጅ አንዳች አይጠቅመውም። ዳኛም ሰው ነው። የሽማግሌዎቹ ማስታወቂያ ላይ «ተጠርቶ አልቀረበም» የሚል ሁለት ሦስት ጊዜ ያነበበ ዳኛ «ይህ ሰው ለልጁ ምን ያህል ቢያስብ ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ዋናው ጉዳት ግን ጽሑፉ ባላየው በኩል የሚመጣ ነው፤ ይኸውም ጊዜ ነው። የፍቺ አቤቱታ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ ዋናው ጉዳይ እስኪቋጭ ልጁ ማን ዘንድ እንደሚቆይ፣ ቀለቡን ማን እንደሚሰጥ ወዲያው ትእዛዝ ይሰጣል። አንዱ ወላጅ ብቻ የሚታይ ከሆነ የሚሰማው የእሱ ቃል ነው፤ ልጁም እሱ ጋ ይቆያል። ሽምግልናው በመቅረት ምክንያት ሲገፋ፣ ቀጠሮ በቀጠሮ ሲተካ፣ ወራት ይሄዳሉ። ልጁ መዋዕለ ሕፃናት ይገባል፣ ጓደኛ ያፈራል፣ አያቱን «እማዬ» ማለት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ የቀረው ወላጅ መጥቶ ልጄን ቢል ዳኛው ከለመደበት ማንቀል ይጎዳዋል ወይስ አይጎዳውም ብሎ ማመዛዘኑ አይቀርም፤ ማመዛዘኑም ተገቢ ነው። ያ ወላጅ የተጎዳው ስለቀረ ተቀጥቶ አይደለም፤ የቀረበት ጊዜ ለሌላው ወገን ስለሠራለት ነው። ስለዚህ ለወላጅ የሚነገረው «ቀርተሃልና አልቆልሃል» መሆን የለበትም። «ቀርተሃልና ዛሬውኑ ተነሥ» ነው መባል ያለበት።

ሌላም የሚቀር ነገር አለ። ሽማግሌ ፊት የሚነገረው ችሎት ላይ የማይነገር ነው። ልጁ ጥምቀትን ማን ዘንድ ይዋል፣ ክረምቱን የት ይክረም፣ ሲታመም ማን ለማን ይደውል፣ የእናትየው እናት በሳምንት ስንት ቀን ትየው፣ እነዚህን ሁሉ በእርጋታ ማስማማት የሚችሉት ሽማግሌዎች ናቸው። አንድ የማከብራቸው አዛውንት ከተጋቢዎቹ ጋር ሲቀመጡ ማን ምን አጠፋን ትተው መጀመሪያ የሚጠይቁት «ልጁ ዛሬ ሌሊት የት ነው የሚያድረው?» ብለው ነው። ሁለቱም ዝም ካሉ ጋቢያቸውን አጣፍተው ይነሡና ልጁ ያለበት ቤት ሄደው አይተው ይመለሳሉ። እንዲህ ያለ ሽማግሌ ፊት አለመቀመጥ ትልቅ ኪሳራ ነው፤ በዚህ ከጽሑፉ ጋር አንድ ነኝ።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። የሽማግሌ ውሳኔ ፍርድ ነው የሚለው ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺንና የፍቺን ውጤት ለሽማግሌዎች ዳኝነት ሰጥቶ ነበር። አባቶቻችን በዚያ ኖረዋል፤ በየገጠሩ ዛሬም እንደዚያው የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ያ ግን ተለውጧል። በአሁኑ የቤተሰብ ሕግ ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። ባልና ሚስት ተስማምተው እንኳ ቢመጡ፣ ስለ ልጆቹ የተስማሙበት ነገር የልጆቹን ደኅንነት በበቂ የማይጠብቅ መስሎ ከታየው ፍርድ ቤቱ ፍቺውን ብቻ አጽድቆ የልጆቹን ጉዳይ ራሱ ማየት ይችላል። በ2013 የወጣው የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር አዋጅ ቁጥር 1237ም ፍቺን፣ ጉዲፈቻንና ሞግዚትነትን በግልግል ዳኝነት፣ ማለትም ተከራካሪዎች ከፍርድ ቤት ውጭ በመረጧቸው ሰዎች ዳኝነት፣ ከማይታዩት ጉዳዮች መድቧቸዋል። ሽማግሌዎች ያስማማሉ፣ ይመክራሉ፤ አይፈርዱም።

ይህን የምለው ሽማግሌን ላሳንስ አይደለም። የሽማግሌ ክብሩ ማስታረቁ ነው። አንዱ በሌለበት ተቀምጠው «ልጅቱ ለአባቷ ትሁን» ብለው ቢፈርሙ ግን ያ ወረቀት የአንድ ወገን ቃል ነው፤ ከሌላው ወገን ጋር የተደረገ ስምምነት ሊሆን አይችልም። ያልነበረ ሰው አልተስማማም። ዳኛውም ይህን ያውቃል፤ ካላወቀም ባለጉዳዩ ቆሞ ሊነግረው ይገባል።

ሦስተኛው ላይ ብዙ አልቆይም። ልጅ እስከ 5 ዓመቱ ለእናቱ ይሰጣል የሚለው ያው የ1952ቱ ሕግ ነው፣ አንቀጽ 681። እሱም ቢሆን ከባድ ምክንያት ካልተገኘ በቀር የሚል ማሰሪያ ነበረው። አዲሱ የቤተሰብ ሕግ ይህን የዕድሜ መስመር ትቶታል። ዳኛ የሕፃን ልጅ ዕድሜን ያያል፣ ጡት የሚጠባውንም ያያል፤ ነገር ግን «እናት ነኝና ብቀርም ግድ የለኝም» ብላ የምትቀመጥ እናት በሌለ ሕግ ተማምና ነው የተቀመጠችው። ከጽሑፉ ውስጥ እናቶችን በቀጥታ የሚጎዳው ቃል ይህ ነው፤ ያካፈላችሁት ሰዎች ቢያንስ ይህን አርሙልን።

አራተኛው እንዲህ በአጭሩ አይታለፍም። «የቀረ ሰው ሰሚ የለውም» ይላል። እስቲ ከከባዱ እንነሣ። በ1957 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከራሱ ከችሎት ስለቀረ ሰው ይናገራል። መጥሪያ ደርሶት ያልመጣ ተከሳሽ በሌለበት ጉዳዩ ይታያል፣ ሊፈረድበትም ይችላል። ያ ሰው እንኳ በአንቀጽ 78 መሠረት ውሳኔውን ካወቀ ጀምሮ ባለው አንድ ወር ውስጥ መጥሪያው በደንብ እንዳልደረሰው ወይም በቂ ምክንያት እንደነበረው አስረድቶ ውሳኔው እንዲነሣለት መጠየቅ ይችላል። ዳኛ ፊት ሳይቀርብ ለተፈረደበት ሰው ሕጉ አንድ ወር ከሰጠ፣ ገና ምንም ሳይፈረድ ከሽማግሌ ለቀረ ሰው በሩ ተዘግቷል ማለት ከምን የመጣ ነው?

አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አስታውሳለሁ፤ ከኮምቦልቻ ደብረ ብርሃን የሚመላለስ ነው። ሁለት ጊዜ ከሽማግሌ ቀረ። ሁለተኛው ጊዜ ጣርማ በር ላይ መኪና ተገልብጦ መንገዱ እስኪከፈት ከዋሻው ወዲያ ነው ያደረው። እንደ ብዙ ሰው «ደውዬ ነበር» ብሎ አልተወውም። በማግሥቱ የጭነት ማዘዣውን ይዞ መጣ፤ ቀኑና ሰዓቱ ያለበት ነው። ለሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አንድ ገጽ ጻፍኩለት፤ ለምን እንደቀረ፣ በየትኛው ቀን ሊገኝ እንደሚችል፣ በዚያም ቀን ባይመች ልጁን በሚመለከት ምን እንደሚፈልግ። አንዱን ቅጂ መዝገብ ቤት አስገባን። ሰብሳቢው ሌላውን ወገን አስማምተው ሦስተኛውን ቀጠሮ ወደ እሑድ ከሰዓት አዞሩለት። ልጁ ለእናቱ ተሰጠ፤ እሱ ግን በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜና እሑድን ከልጁ ጋር ያሳልፋል። ሁሉን አላገኘም። «አልቆብሃል» ቢባል ኖሮ ግን ያንንም አያገኝም ነበር።

ስለዚህ የቀረ ወላጅ የሚያደርገው ይህ ነው። የቀረበት ምክንያት ወረቀት ካለው ወረቀቱን፣ ወረቀት ከሌለው ምስክሩን ሳይውል ሳያድር ይያዝ። የጤና ጣቢያ ካርድ፣ የትራንስፖርት ትኬት፣ የቀበሌ ደብዳቤ፣ የቀብር ቀን የሚያውቅ ጎረቤት፣ ሁሉም ይሠራል። ለሽማግሌዎቹም ለፍርድ ቤቱም በጽሑፍ ያሳውቅ፤ ሌላ ቀን ይጠይቅ። ቦታው የሚያስፈራ ከሆነ ቦታው እንዲለወጥ፣ ፊት ለፊት መቀመጥ የማይቻል ከሆነ ለየብቻ እንዲሰሙ ይጠይቅ፤ ይህን መጠየቅ ሽማግሌ መርገጥ አይደለም። ከሁሉም በላይ ችሎት እንዳይቀር። ከሽማግሌ የቀረ ሰው ከችሎትም ከቀረ ስለ እሱ የሚናገርለት አንድም ሰው አይኖርም፤ መዝገቡ ላይ የሚቀረው የሌላው ወገን ቃል ብቻ ነው።

በጽሑፉ የተቆጣሁትም ስለዚህ ነው። «አልቆልሃል» የተባለ ሰው ቤቱ ይቀመጣል። ከሽማግሌ መቅረቱ ሊታረም የሚችል ነገር ነበር፤ በጽሑፉ ተስፋ ቆርጦ ከችሎት ሲቀር ግን የተነገረው ሐሰት እውነት ይሆንበታል።

የመጨረሻው ነጥብ ብዙ አያከራክርም። ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና የእነሱን እንክብካቤ የማግኘት መብቱ ሕገ መንግሥቱ ላይ የተጻፈ ነው፤ መተያየት የወላጅ ብቻ ሳይሆን የልጁም መብት ነው። አባት ከሽማግሌ ቀረ ተብሎ ልጁ አይቀጣም። ቀለብም የልጁ እንጀራ ነው፤ ከመተያየት ጋር የሚለዋወጥ ዕቃ አይደለም። እስከ 18 ዓመት አይለወጥም የሚለውም ልክ አይደለም፤ ስለ ልጆች አስተዳደግ የተሰጠ ውሳኔ ውሳኔው የተመሠረተበት ሁኔታ ሲለወጥ እንደገና ሊታይ ይችላል። ጽሑፉ እዚህ ላይ አንድ እውነት አለው፤ ቀለብ የማይቆርጥ አባት በኋላ ልጄን ቢል ቃሉ ይቀልበታል።

ወደ ሐሙሷ እናት ልመለስ። የአራት ዓመት ልጇ እዚሁ ደብረ ብርሃን ከአባቷ እናት ጋር ናት። ሽማግሌዎቹ የተቀመጡ ቀን እሷ ያልወጣችው በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን ሌሊቱን ሲያተኩሰው አድሮ ስለነበር ነው። ይህን ስትነግረኝ እንደ ሰበብ ነው የቆጠረችው፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር። «ጤና ጣቢያ ወስደሽው ነበር ወይ?» አልኳት። «ወስጄዋለሁ» አለችና ከሕፃኑ ጨርቆች መካከል በፌስታል የተጠቀለለ ካርድ አወጣች። ቀኑን አየሁት፤ ያው ቀን ነው።

«ይቺ ካርድ የት ነበረች?» አልኳት።

«እዚሁ ነበረች፤ ማን ጠየቀኝ?»

ለሽማግሌዎቹ አንድ፣ ለፍርድ ቤቱ አንድ ማመልከቻ ጻፍኩላት። ካርዱን ኮፒ አስደርገን አያያዝነው፤ ዋናውን ለማክሰኞ እጇ ላይ እንዲቆይ ነገርኳት። ከልጇ ጋር በሳምንት አንድ ቀን እንድትገናኝ ጊዜያዊ ትእዛዝ እንዲሰጥላትም ጨመርንበት፤ ቀኑን ራሷ መረጠች፣ ገበያ ቀን ስለሆነ መኪና የማይጠፋበትን ቅዳሜን። ስልኳ ላይ ያለውን ጽሑፍ ልታጠፋው ስትል አታጥፊው አልኳት፤ ለላከችልሽ ሰው ይህንን ምላሽ አብረሽ ላኪላት ብዬ ነው የጻፍኩት። ሰኞ ማታ ደብረ ብርሃን እህቷ ቤት ታድራለች፤ ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ችሎቱ በር ላይ እንገናኛለን።